የአክስቴን የወፍጮ እንጉርጉሮ ኖታ ላይ ሳሰፍር ምን ገጠመኝ

ሰላም ሰላም፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጋቢ ለብሼ ነው የምቀርፀው፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ይችን ስሙ።

(የሴት ድምፅ፣ ከስር መጅ ወፍጮ ላይ ሲሄድ)

መንዝ ያሉት አክስቴ ናቸው፣ ገብስ እየፈጩ በስልክ የቀዳሁት። ቤት ገብቼ ሚዩዝስኮር የሚባለውን የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ከፈትኩና በአራት አራት ምት ከፋፍዬ ቁጭ አደረግኩት፣ በፒያኖ ድምፅ አስጫውቼ ወስጄ ባሰማቸው «የማነው ደግሞ ይሄ?» አይሉኝም! የራሳቸው ዜማ እኮ ነው።

ምን አበላሸሁ? ምቱን የከፋፈልኩት በግጥሙ ነበር፣ ምቱ ያለው ግን መጁ ላይ ነው። ሲገፉት ረዘም ይላል፣ ሲመልሱት አጠር፣ ስለዚህ ስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም በየስድስት አጭር ምቱ የሚከፈል፣ ነው የሚሆነው፣ ድምፃቸው ደግሞ የስንኙን መጨረሻ እየጎተተ ድንጋዩን ጥሎት ይሄዳል ከዛ ቆይቶ ይገናኛሉ። ፍጥነቱን ግማሽ አድርጌ መጁን ብቻ ስቆጥር ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ቅኝቱ። ትዝታ ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ እዚህ ጋ ችግር የለም። ግን እሳቸው ሚን ከፒያኖው ትንሽ ዝቅ ያደርጓታል፣ በመጣች ቁጥር፣ እና በመጣች ቁጥር ከሆነ ስህተት አይደለም ማለት ነው። ፒያኖ ኦክታቩን፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን፣ 12 እኩል ቦታ ስለሚከፍለው ያቺ ድምፅ እዛ የለችም። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ባርቶክ በፈረንጅ 1900ዎቹ መጀመሪያ ፎኖግራፍ፣ የድሮ ድምፅ መቅጃ፣ ይዞ ገጠር ለገጠር ሲዞር ይሄው ገጥሞት ኖታው ላይ ትንሽ ቀስት ያደርግ ነበር፣ ወደ ላይ ከሆነ ከፍ፣ ወደ ታች ከሆነ ዝቅ። እኔም ቀስት አደረግኩ።

የኛዎቹስ? በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አወጡት የሚባለው የዜማ ምልክት አለ አይደል፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ርክርክ ምናምን፣ እሱ እያንዳንዷን ድምፅ ልለካ አይልም፣ ከመምህሩ አፍ የሰማ ደብተራ እንዲያስታውስ ነው። ለኔ ይሄኛው ሐቀኛ ነው። ስለዚህ ኖታ ጻፉ፣ ቀረጻውን ግን እንዳታጠፉት።

አስተካክዬ የጻፍኩትን ኖታ ለአክስቴ ሳሰማቸው አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ። አንድ ቦታ ላይ ግን ረጅም ዕረፍት አለ፣ ስንት ምት እንደሆነ ስቆጥር ያደርኩባት፣ እሷ ጋ ስንደርስ ሳቁ፣ «እዚህ ጋ እኮ ገብስ ስጨምር ነው»።

(ስክሪን ላይ፦ ከዕረፍቱ በላይ በእጅ ጽሑፍ «እህል ሲጨመር»)