«አጥፊው» ካሉኝ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ። የታሪክ መመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ አራት የት ደረሰ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ሰዎች ለዛሬ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ። ምዕራፍ አራት አለ፤ ከዚህ በላይ ግን ቃል አይወጣኝም። ዛሬ የማወራችሁ ይህንኑ ምዕራፍ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ስለያዘው ነገር፣ ባለፈው ክፍል በጨረፍታ ነክቼ ስላለፍኩት፣ በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ ስለሚኖሩት ሽማግሌ ነው። ስማቸውንም መንደራቸውንም አልጠራም።

ሽማግሌው በግቢያቸው፣ ከቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያጫውቱኝ ነበር። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ተክለው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከዚያ በቀለ ስለሚለው ትውፊት፣ በዘጌ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለው ከዚያ ወዲህ ስለመሆኑ፣ ለብዙ እንግዳ ሲተርክ የኖረ ሰው በሚናገርበት ዝግጁነት ነገሩኝ። እኔም በመካከል፣ «አባባ፣ በድሮው ጊዜ ቡናውን የሚለቅመው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ስልኬን በአገጫቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁት። «ጠፋ?» ሲሉኝ «ጠፍቷል፣ አባባ» አልኳቸው፤ እሳቸው ግን ስልኩን ተቀብለው አገላብጠው ካዩ በኋላ ነው ከጎናቸው ያስቀመጡት። ከዚያም ከቶና እስከ በረካ ድረስ ሳያቋርጡ ተናገሩ። ሲጨርሱ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «አሁን ክፈቺው» ብለውኝ፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ወደ ጻድቁ ታሪክ ተመለሱ።

አሁን ሁለት የድምፅ ፋይሎች አሉኝ። አንደኛው «አጥፊው» በሚለው ቃል ያልቃል፤ ሁለተኛው «እንግዲህ ጻድቁ» ብሎ ይጀምራል። ምዕራፍ አራት የሚፈልገው ነገር ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

በዘጌ የቡና ጫካ ባሪያዎች ይሠሩ እንደነበር ከእኔ በፊት የተጻፈ ነገር ነው፤ አዲስ ግኝት አይደለም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ደንብ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ተሻረ። ሰነዱ እስከዚህ ያደርሰኛል። ነፃ የወጣው ሰው በማግስቱ የት እንዳደረ፣ ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ቤት ልጁን የአያቱን ነገር ሳይነግር እንዳሳደገ ግን አይነግረኝም። በየገዳማቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሚገኙት የመሬት ጽሑፎችም የሰጪውንና የተቀባዩን ስም ይይዛሉ እንጂ ለቃሚውን ከቁጥር አያስገቡም።

ችግሩ የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ ነው። በእኛ አገር የታሪክ ጥናት ልማድ፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ይገባል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ከዚያም አስተያየት። እኔ ይህን ሠንጠረዥ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ገበሬውና ደብተራው ከዜና መዋዕል ጸሐፊው እኩል ምንጭ ሆነው የሚቆሙበት ቦታ ነውና። «አስተያየት» በሚለው ሥር «የማስታወስ ችሎታቸው ከፍተኛ ነው» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። እኔ ብገባበት «ዕድሜዋ እየሄደ ነው፤ ስለ ምዕራፍ አራት ስትጠየቅ ርዕስ ትቀይራለች» የሚባል ይመስለኛል።

ይሁንና የሽማግሌውን ስም ብቻ ከሠንጠረዡ ብሰርዘው ምን ይጠቅማል? ሁሉም የሁሉንም ደጃፍ በሚያውቅበት ባሕረ ገብ ምድር፣ ዕድሜና መንደር ከተጻፈ ስም እንደተጻፈ ነው። ሁሉንም ባስቀረው ደግሞ አማካሪዬ «ያልተጠቀሰ ምንጭ ምንጭ አይደለም» ይሉኛል፤ በሙያው ሕግ ልክ ናቸው።

በሌላ በኩል፣ ሽማግሌው መደበቅ ቢፈልጉ ኖሮ ዝም ማለት አያቅታቸውም ነበር። የመጣሁት ለታሪክ ጥናት መሆኑን ያውቃሉ። መቅረጫውን አጥፊ አሉኝ እንጂ አትጻፊ አላሉኝም። ይህን ክርክር ለራሴ ስደጋግመው ግን በወሰን ክስ ችሎት ፊት የቆመ ተከራካሪ የሆንኩ ይመስለኝና አፍራለሁ። ምናልባት ነገሩ እንዲታወቅ፣ ነገር ግን በእሳቸው አፍ እንዳይሆን ፈልገው ይሆን? ወይስ ስለ ጽሑፉ ጨርሶ ሳያስቡ፣ ከመንደራቸው ውጭ ላለ ሰው ተናግረው ማረፍ ብቻ ነበር የፈለጉት? አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው፣ አንዳንድ ቀን ሁለተኛው እውነት ይመስለኛል።

ተመልሼ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። ነገር ግን የስምምነት ቅጽ ዘርግቼ «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ብላቸው፣ ያንን ሁሉ እንደገና ወረቀት ላይ እንዲያወጡት መጠየቄ ነው። «ምን ነግሬሽ?» ቢሉኝስ? መካድ መብታቸው ነው፤ እኔ ግን የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ ምዕራፉን እንዴት እንደምጽፈው… ደግሞስ ይህን ለእናንተ ማውራቴ ራሱ? ስም አልጠራሁም፣ የነገሩኝንም አላወጣሁም፤ ዘጌ ማለቴ ግን… አላውቅም፤ ይህን ክፍል ከመልቀቄ በፊት እንደገና አዳምጠዋለሁ።