ሳል ሁሉ ብርድ አይደለም

እንደምን አላችሁ፣ አካም ጅርቱ! ሥራ አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በጋ ገብቶ ልጅ ሲስል ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ ብርድ መታው። ከዚያ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ልጁም ይሙቀው ተብሎ እሳቱ ጋ ይጠጋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያሳለው ጭሱ ሆኖ ሳለ፣ እኛ ልጁን ከነጭሱ ቤት ውስጥ ዘግተንበታል።

የዚህ ወቅት ጭስ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ማሳ ይቃጠላል፣ ሰፈር ውስጥ ቅጠሉም ፌስታሉም ተሰብስቦ ይለኮሳል። ዝናብ ሲዘገይ ሳሩ እንደ ክብሪት ስለሚሆን እሳቱ ጫካ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን፣ በ2011 የሰሜን ተራሮች ፓርክ ተቃጥሏል። ጭሱ ደግሞ እሳቱ ያለበት አይቀርም። በ2015 የካናዳ ደን ሲነድ ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ ሰማዩን ብርቱካንማ አድርጎት ነበር።

ጭስ ውስጥ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ ብናኝ አለ፤ የፀጉር ውፍረት እንኳ ከሱ ወደ 30 እጥፍ ይበልጣል። አፍንጫ አያስቀረውም። ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል፣ ደም ውስጥም ይገባል። ለዚህ ነው አስም ብቻ ሳይሆን ልብም የሚታመመው። ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ፣ ጨርቅ ማርጠብ ይሄን ብናኝ አያቆመውም። ኤን 95 የሚባለው ማስክ ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ያግዛል።

ድርቅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አቧራው ይነሳል፣ ውሃ ስለሚጠፋ እጅ መታጠብ ይቀራል፣ ጉንፋኑ ከቤት ቤት ይዞራል። ቦረና ላይ ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ከብቱ አለቀ፣ ወተት ጠፋ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ የሳንባ ምች ሲይዘው የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ጅማ ዝናብ አያጣም ብለን አንዘናጋ።

አሁን ወደ ቤታችን። ጭሱ ከውጭ ከሆነ መስኮት ዝጉ፤ ከማድቤት ከሆነ ክፈቱ፣ ልጁንም ከዚያ አውጡ። ጅማ ላይ ቡና አትቁሉ የሚል የለም፣ ግን አስም ያለበት ሰው ካለ በረንዳ ላይ ይቆላ። ማታ ቆሻሻ አታቃጥሉ፣ በተለይ ፌስታል። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ስለሚተኛ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ልጆቻችን ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው ውስጥ ነው።

እናቶች፣ ይቺን ያዙልኝ። የሚያስለው ልጅ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 ከሞላ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 ከሞላ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ያኔ ዳማከሴ እያሸን ነገን አንጠብቅም፣ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ነው።

ቤቱ የአስም ፓፍ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ያውጣውና ቀኑን ይይ። ጊዜው ካለፈ ወይም ካለቀ፣ ጭሱ ሳይበረታ ይተካው።