95 ያልደረሰው ውሃ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አንድ የተቃጠለ ሂተር ነው የማወራችሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው። ያቃጠለው እኔ የሞላሁት ቁጥር ነው።

እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ፣ የወተት ዕቃ በሙቅ ውሃ የሚያጥብ አነስተኛ ቤት አለ። የታንከሩን ቴምፕሬቸር ኮንትሮለር፣ ሙቀቱን እየለካ ሂተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ዕቃ፣ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሴት ፖይንቱን፣ ማለትም ውሃው እንዲደርስ የምፈልገውን ሙቀት፣ 95 ዲግሪ አደረግኩት። ሙቀቱ ሲበዛ የሚጮኸውን የከፍታ አላርም 98፣ ሲያንስ የሚጮኸውን የዝቅታ አላርም 94 ሞላሁ።

የዝቅታ አላርም ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ውሃው ቀዝቅዞ ስለሚገኝ ወዲያው ይጮኻል። ሰው ደግሞ በየቀኑ በከንቱ የሚጮኽን ነገር መስማት ያቆማል። ስለዚህ ስታንድባይ የሚባለውን አበራሁ። ውሃው አንድ ጊዜ ከ94 በላይ እስኪወጣ አላርሙ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ከወረደ ነው የሚጮኸው። ጥሩ ነገር ነው፣ አሁንም እጠቀምበታለሁ።

ቀጥሎ ኦቶ ቱን አስጀመርኩ። ኮንትሮለሩ ሂተሩን ሙሉ በሙሉ ያበራል፣ ሙቀቱ ሴት ፖይንቱን ሲያልፍ ያጠፋል፣ ሲወርድ መልሶ ያበራል። ውሃው ስንት ዲግሪ ከፍ ዝቅ እንዳለ፣ አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይለካና ሂተሩን መቼና ምን ያህል እንደሚያበራ የሚወስንባቸውን የፒ አይ ዲ ቁጥሮች ራሱ ያወጣል። የኔ ግን አላልቅ አለ። ብዙ ቆይቶ ስህተት ብሎ አቆመ። ኃይል ተቆራርጦበት ይሆናል ብዬ ፋብሪካው በሞላቸው ቁጥሮች ትቼው ሄድኩ። ያኔ ነበር ቆም ማለት የነበረብኝ።

በሳምንቱ ተደወለልኝ። ሌሊት የሚሠሩት እናት «ልጄ፣ ውሃው ሲንተከተክ አደረ፣ ይኼ ግን ትንፍሽ አላለም» አሉኝ። ታንከሩ ደርቆ ሂተሩ ነዷል።

አዲስ ሂተር ገጥሜ ቁጭ ብዬ አየሁት። ውሃው ይፈላል፣ ማሳያው 93 ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ሴንሰሩን ጠረጠርኩ። ኦፍሴት የሚባለውን የንባብ ማስተካከያ ሰጥቼ ሁለት ዲግሪ ልጨምርለት እጄ ቁልፉ ላይ ነበር! ደግነቱ በመልቲሜትር ለካሁት። ፒ ቲ 100 የሚባለው፣ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (በኦም የሚለካው) የሚጨምር ሴንሰር ነው፤ 135.8 ኦም አካባቢ አነበበ። ይህ ደግሞ ልክ 93 ዲግሪ ነው። ሴንሰሩ እውነቱን ነበር የሚናገረው።

እናቴ ቆላው መተማ የኖረችበትን ዘመን ስታነሳ «እዚያ ባቄላ ቶሎ ይበስላል» ትላለች። ስንቴ ሰምቻታለሁ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ክፍት ታንከር ውስጥ ያለ ውሃ እኛ ጋ 93 አካባቢ ይፈላል፣ ከዚያ ወዲያ እሳት ብትጨምርበት እንፋሎት ብቻ ነው የምታወጣው።

እና አስቡት። 95 ስለማይደርስ ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ አልጠፋም። 98 ስለማይደርስ የከፍታ አላርሙ አልጮኸም። 94ን ስላላለፈ የዝቅታው ከስታንድባይ አልወጣም። ኦቶ ቱኑም ያላለቀው የሚያልፈው መስመር ስላጣ ነው። ሁሉም የታዘዘውን ነው ያደረገው። ይህ እስካሁን ይከነክነኛል፤ እኚያ እናት አጠገቡ ነበሩ።

አሁን ሴት ፖይንቱ 85 ነው። የከፍታ አላርሙ 90 ላይ ይጮኻል፣ ሳይፈላ በፊት ማለት ነው። ሂስተሪሲሱን፣ በመብራትና በመጥፋት መካከል ያለውን ልዩነት፣ 1 ዲግሪ ሰጠሁት፣ መስመሩ ላይ እየበራ እየጠፋ እንዳይንጣጣ። ኦቶ ቱኑን ታንከሩ እንደ ሥራ ቀን ሞልቶ፣ ክዳኑ ተከድኖ ደገምኩት፤ በሰላም አለቀ። ሉፕ ብሬክ አላርምንም አበራሁ። ሂተሩ ሙሉ ኃይል እየሠራ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተነቃነቀ ይጮኻል። አሥሩን ደቂቃ ከማኑዋል አልወሰድኩም፣ ታንከሩ ሲሞቅ በሰዓት ይዤ ነው ያገኘሁት። ኮንትሮለሩ የውሃ መጠን ስለማያይ ደግሞ ውሃው ሲጎድል ሂተሩን የሚቆርጥ ተንሳፋፊ ስዊች ለብቻ ጨመርኩ።

ከጎንደር ከፍ ብላ ያለችው ደባርቅ ያላችሁ አድማጮች፣ እናንተ ጋ መፍያው ከዚህም ይወርዳል። ቁጥር ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ድስት ውሃ አፍሉና ሴንሰሩን ንከሩበት።