ብሯን አትፈትጓት

እንደምን ዋላችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህትና ወንድሞቼ፣ ይሄን ዝናብ ጥሳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ አንዳንድ የድሮ የብር ሳንቲም በመሐረብ ቋጥራችሁ መጥታችኋል። ገና በር ላይ ሁለት ሰዎች «ስንት ያወጣል?» ብለው ጠይቀውኛል። እሱ ይደርሳል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ እባካችሁ አታጥቡት፣ አትፈትጉት።

ይህን የምለው ስላቃጠለኝ ነው። አባቴ አንጥረኛ ነበሩ። አያቴ ስታርፍ አንዲት የምኒልክ ብር ደረሰችኝ። ጠቁራ ነበር። ልጅ ነበርኩና አባቴን ላስደስት ብዬ በአመድና በሎሚ ፈተግኳት። እንደ መስታወት አበራች። አባቴ አልተቆጡም። ማጉያ መነጽራቸውን ሰጡኝና «አንበሳውን እየው» አሉኝ። አየሁት። ጋማው ላይ የነበረው ፀጉር ተልጧል። ዙሪያው ሁሉ ጭረት በጭረት ነው። ያቺ ብር ዛሬም እኔ ጋ አለች። ጋማው ግን አልተመለሰም።

ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። ዓመታት ይፈጃል። ስትፈትጉት ሽፋኑ ብቻ አይነሳም፤ ብሩም አብሮ ይሄዳል። የሚያውቅ ገዢ ከሩቅ ያየዋል፤ ዋጋውንም ያኔውኑ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማርትሬዛ እንምጣ፤ ጠገራ ብር ወደምንላት። እዚህ አካባቢ በብዛት የሚገኘው እሷ ናት። ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን አገሩን ስታገበያይ ኖራለች። ላይዋ ላይ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት አለ፤ በፈረንጆቹ ማለት ነው። ስንቱ ሰው በዚህ ቁጥር ተታሏል! ፊቷ የተቀረጸባት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው። ብሯ ግን ከዚያ ወዲህም ያንኑ ዓመት ይዛ ስትመታ፣ ማለትም ስትሠራ፣ ኖረች። በቪየና እስከ ዛሬ ይመቷታል። ጣልያን አገራችንን ሊወር ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ መታት። ቀጥሎ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም መቷት። ስለዚህ 1780 የሚለው ዕድሜዋን አይነግራችሁም። አዲስ የተመታችውም ሐሰተኛ አይደለችም፤ እውነተኛ ብር ናት። ጥፋቱ «የ240 ዓመት ዕቃ ነው» ብሎ መሸጥ ላይ ነው። አስጎብኚዎችና የሱቅ ባለቤቶች፣ በተለይ እናንተን እለምናለሁ፤ እንግዳውን እንዲህ አትበሉት።

እውነተኛዋን እንዴት እንለይ? አባቴ ፊቷን ከማየታቸው በፊት ጠርዟን ያዩ ነበር። እኔም ከሳቸው ወርሼዋለሁ። ብሯን በሁለት ጣት ያዙና ጠርዟን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ወጣ ወጣ ያሉ የላቲን ፊደላት ታገኛላችሁ፤ «በፍትሕና በርኅራኄ» ማለት ነው። በየመሐሉ ጌጥ አለ። በቅርጽ ፈስሶ የወጣ የውሸት ብር እዚህ ላይ ይጋለጣል። ፊደላቱ ይደፈናሉ፣ ወይም ሁለቱ ግማሾች የተገጠሙበት መስመር ዙሪያውን ይታያል። ፊቱም ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ያሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ይኖራሉ። የድሮ ነጋዴ ደግሞ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የሉል ጌጥና ከሥሯ ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍን፣ ሳያይ አይቀበልም ነበር።

ቀጥሎ ሚዛን። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ትመዝናለች። የምኒልክም ብር እንዲሁ ነው። በእጅ ብዛት የተበላች ትንሽ ልትቀል ትችላለች። ሃያ አራት ብትመዝን ግን ተነሱና ሂዱ። ማግኔትም አስጠጉ፤ ከሳባት ብር አይደለችም። ካልሳባት ግን ገና አትደሰቱ፣ ነሐስንም አይስብም።

አሁን የምወደውን ፈተና ላሳያችሁ። ይቺን የወርቅ ሚዛን አያችኋት? ውኃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጥባታለሁ፤ ዜሮ አደርጋታለሁ። ብሯን በክር አስሬ ውኃው ውስጥ አንጠለጥላለሁ። ሙሉ በሙሉ ትጥለቅ፤ ታችኛውንም ጎኑንም አትንካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካነበበ ጥሩ ነው። የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ ከሆነች፣ ክብደቷ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ከሦስት ታልፋለች። ምክንያቱም ሚዛኑ የሚያነበው ብሯ ቦታውን የያዘችበትን ውኃ ክብደት ነው። ማርትሬዛ ከመቶ 83 እጅ ብር ናት፤ ብር ደግሞ ከነዚያ ስለሚከብድ በእኩል ክብደት ያነሰ ቦታ ይይዛል። ብሯን ሳትቧጥጡ፣ አሲድ ሳታስነኩ ውስጧን ታውቃላችሁ።

የምኒልክን ብር በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ፓሪስ ላይ የተመቱት የ1887 ዓ.ም. ናቸው። ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ተጽፏል። አንበሳው የሚያነሳው እግር በአንዳንዱ ግራ፣ በአንዳንዱ ቀኝ ነው፤ ሰብሳቢ ይህን ይለያል። ይዞታዋን ለማወቅ ቶሎ የሚበላውን ቦታ እዩ፦ የንጉሡ ዘውድ፣ የአንበሳው ጋማ። በማርትሬዛ ደግሞ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉርና የንስሩ ደረት። ፀጉሩ ክር በክር ከታየ ብዙም ያልተንከራተተች ናት።

እናቶቻችን ብርን አንገታቸው ላይ አድርገውታል። ስለዚህ ብዙው ብር ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ ወይም ተበስቷል። በኋላ ቀዳዳውን ደፍነው የሚሸጡ አሉ። ብርሃን አስጠግታችሁ ከአናቷ በላይ ያለውን ጠርዝ ፈትሹ፤ ቀለሙ ከተለየ ወይም ፊደል ከጎደለ ተደፍኗል። ለሰብሳቢ ዋጋዋ ይወርዳል። እኔ ግን እንዲህ ያለችውን አልንቅም፤ የአንዲት ሙሽራ አንገት ላይ ውላ ይሆናል።

የአክሱምን ሳንቲም በተመለከተ አጭር ነው። ከመሬት የወጣ ቅርስ የገበያ ዕቃ አይደለም። ቅርስን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጥቷል፤ አግኝታችሁ ከሆነ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቁ።

ቤት ስትመለሱ ብሯን በጥጥ ጨርቅ ወይም በደረቅ ወረቀት ጠቅልሏት። ላስቲክ ውስጥ አታፍኗት፤ የጣና ዳር ክረምት እርጥበቱ ከባድ ነው። ስትይዟትም በጠርዟ ያዟት፣ ፊቷን በጣት አትንኩ።

ይኸው ሚዛኑም ውኃውም ጠረጴዛው ላይ ነው። እዚያ ከፊት የተቀመጡት እናቴ፣ መሐረቡን ይፍቱትና ከእርስዎ እንጀምር።