አዲሱ ሀርድቶፕ ቸርችልን ሲወጣ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ የመኪና ሰዓታችን ስለ አዲሱ የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 አውርተን ነበር። እኛ «ሀርድቶፕ» የምንለው፣ ከኋላ ረዘም ያለው፣ አምቡላንስም የመስክ መኪናም ሆኖ አገሩን ያዳረሰው ማለት ነው። ለመስክ ሥራ የገባ አንድ አዲስ መኪና ለሁለት ቀን አግኝቼ ነድቼዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ወጣሁ፣ ከዚያ አራት ኪሎንና ካዛንቺስን ዞርኩ። በማግስቱ እንጦጦ ወጥቼ ከአስፋልቱ ወረድኩ። ጥያቄው ብዙ ነበር፣ ሰዓቱ ግን አልበቃንም። በጥድፊያ የመለስኩትንም ያልደረስኩበትንም እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ይህ መኪና መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ቅርጹ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ2023 በመጣው ለውጥ ክብ መብራቱ ተመልሷል። ትልቁ ነገር ግን ሞተሩ ነው። ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ የምናውቀው ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ገብቶበታል፣ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮም አብሮት መጥቷል። እኔ የነዳሁት አውቶማቲኩን ነው።

ከፒያሳ የደወሉ አባት፦ «ድሮ ባለ 4.2 ሀርድቶፕ ለሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ስድስት ሲሊንደር ነበር። አሁን አራት ሲሊንደር፣ 2.8 አድርገውታል። ይሄ ማነስ አይደለም? ጭነት ይዞ ዳገት ይወጣል?»

አባቴ፣ እኔም መኪናው ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ሳየው ልቤ አልሞላም። ትልቁ ሞተር የነበረበት ቦታ ባዶ ባዶ ይላል።

ቸርችልን ስወጣ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ምክንያቱ ደግሞ ከፍታችን ነው። እርስዎ የነዱት ሞተር፣ መካኒኮች ዋን ኤች ዜድ የሚሉት፣ ቱርቦ የለውም። በዙሪያው ያገኘውን አየር ብቻ ስቦ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ያ ሞተር በወረቀት ላይ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም፣ ፒያሳ ሲደርስ የቀረው መቶ ገደማ ነበር። እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከዚያም ይወርዳል። በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲወጣ ያስታውሱታል። ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም። አየር አጥሮት ነው።

አዲሱ ቱርቦ አለው። የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባዋል። ለዚህ ነው ከፍታው ያን ያህል የማይጎዳው። ቁጥሩን ልንገርዎት፦ 204 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር የመጎተት አቅም አለው። የእርስዎ ሞተር የመጎተት አቅም 285 ነበር። ከዚህ በፊት ይገጠም የነበረው ባለ 4.5 ሊትር ቪ ኤይት፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቱርቦ ናፍጣ እንኳ 430 ነው። ከቪ ኤይቱ ሲሊንደሩ በግማሽ ቀንሶ የመጎተት አቅሙ ጨመረ ማለት ነው።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። ቆሞ ሲነሳ፣ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ትንሽ ይዘገያል። ከፍታ ላይ ይሄ ጎልቶ ይታያል። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ፣ ነዳጅ ረግጬ አንድ አፍታ ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ ግን እንደ በቅሎ ነው፤ ሳያጓራ፣ ሳይጨነቅ ይወጣል። የድሮው ከቆመበት ሲነሳ ቀጥ ብሎ የሚጎትተው ነገር ነበረው። እርስዎ ያንን ይናፍቁታል፣ እኔም ናፍቄዋለሁ።

ስሙን ያልነገረን ወጣት ሹፌር፦ «አውቶማቲክ ካምቢዮ ለገጠር መንገድ ይታመናል? ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይበላም?»

ወንድሜ፣ የዓባይ በረሃን አስብ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። እዚያ መኪናን የሚይዘው ሞተሩ እንጂ ፍሬኑ አይደለም። አውቶማቲክን «ዲ» ላይ ትተህ ከወረድክ በፍሬን ብቻ ትታገላለህ፣ ፍሬኑም ይግላል፣ ከዚያ መያዙን ያቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው። በዚህ ካምቢዮ ማርሹን በእጅ መርጦ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከመውረድህ በፊት ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ላይ አድርገው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ለአውቶማቲክም ይሠራል።

ጭቃ ላይ ደግሞ አውቶማቲኩ አስደስቶኛል። እንጦጦ ላይ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር ነበር። በዝቅተኛው ማርሽ፣ «ኤል አራት» ላይ አድርጌ፣ ነዳጁን በስሱ እየረገጥኩ ወጣሁ። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለም፣ መሃል ላይ ማርሽ ስቀይር ጎማው ቆሞ አይሰምጥም። ፍሪሲዮን አቃጥሎ መንገድ ላይ ያደረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መረሬ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ ላይ ግን አልሞከርኩትም። መረሬ ሲረጥብ ጎማውን ሞልቶ ስለሚያለሰልሰው፣ እዚያ ወሳኙ ካምቢዮው ሳይሆን የጎማው ጥርስ ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አድማጭ፦ «እኛ ሀርድቶፕን የምንወደው በፒንሳና በቁልፍ ስለሚሠራ ነው። ይሄ ኮምፒውተር ያለበት ገጠር ቢቆም ማን ይሠራዋል?»

ጌታዬ፣ እኔን ያሳሰበኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ከቀሩት ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብመልስ ደስ ይለኛል።

የድሮው ሞተር ናፍጣ የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። ኮምፒውተር የለውም። ናፍጣው ትንሽ ቢቆሽሽ ያስላል፣ ያጨሳል፣ ግን ይሄዳል። የአዲሱ አሠራር ሌላ ነው። ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ ከ2,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ተጨምቆ ይቀመጣል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ኢንጄክተሮቹን፣ ማለትም ናፍጣ መርጫዎቹን፣ በሰከንድ ሽራፊ እየከፈተ ይረጨዋል። የኢንጄክተሩ ቀዳዳ ዓይን በማያየው ልክ ጠባብ ነው። ጉልበቱም፣ የጭሱ መቀነስም ከዚህ ነው የሚመጣው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። በዚያ ግፊት ውስጥ ትንሽ አሸዋ ወይም የውሃ ጠብታ ከገባ ፖምፓውን ይፍቀዋል፣ ኢንጄክተሩን ይሰነጥቀዋል። አንድ ኢንጄክተር መቀየር ደግሞ የድሮውን የናፍጣ መርጫ አፍንጫ አጥቦ እንደመመለስ አይደለም፣ ከባድ ወጪ ነው።

ናፍጣ ደግሞ በኛ አገር ሁልጊዜ ከማደያ አይቀዳም። ገጠር ከበርሜል፣ ከጄሪካን ይቀዳል። በርሜሉ ክረምት ላይ ደጅ ያድራል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በሌላ መኪና እንዲህ ያለ ናፍጣ ቀድቼ፣ ከተማ ከመድረሴ በፊት ቆሜ አድሬያለሁ። ስለዚህ ይህን መኪና ለመስክ የሚያሰማራ መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር ያድርግ እላለሁ። የናፍጣ ፊልትሮውን መጽሐፉ ካለው ርቀት ቀድሞ ይቀይር። በየመኪናው ሁለት ትርፍ ፊልትሮ ይኑር። ከጄሪካን ሲቀዳ ውሃ የሚለይ ማጣሪያ ያለው ፈነል ይጠቀም። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ መብራት ከበራ ደግሞ «ከተማ ስደርስ አሳየዋለሁ» አይባልም። እዚያው ቆሞ ውሃውን ማፍሰስ ነው።

ሌላው ጉዳይ የጭስ ማጣሪያው ነው። ጥብቅ የጭስ ሕግ ላላቸው አገሮች የሚሠራው ይኸው ሞተር ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ ጭስ ማውጫው ላይ አለው። ያ ማጣሪያ ጥቀርሻውን የሚያቃጥለው ረጅም መንገድ ላይ ሲግል ነው። ከመስቀል አደባባይ አራት ኪሎ እየተመላለሰ የሚውል መኪና አይግልም፣ ስለዚህ ማጣሪያው ይደፈናል። ለአፍሪካ ገበያ የሚመጡት ብዙዎቹ ይሄ ማጣሪያ የላቸውም። ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ግን መኪናው ለየትኛው አገር እንደተሠራ ሳይጠይቅ ብር አይክፈል።

ስለ ጥገናው ግን ተስፋ አለኝ፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሞተሩ ለሃይሉክስም ለፕራዶም የሚያገለግል ስለሆነ የሚያውቁት ልጆች አሉ። ብዙው ዕቃም የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ ሲፈለግ የሚገኝ ዓይነት ነው። አንድ የቀለለ ነገርም አለ፦ የድሮው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የሚቀየር፣ የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞር ቺንጋ ነበረው፤ ይሄ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። የእርስዎ ጋራዥ ኮምፒውተሩን የሚያነብ ማሽን ገዝቶ አንድ ልጅ ካሠለጠነ ሥራ አያጣም።

ለመስክ ሥራ የምትጓዝ እህት፦ «እኛ የምንቀመጠው ከኋላ ነው። ወገባችን ያርፋል ወይ?»

እህቴ፣ አያርፍም፣ እውነቱን ልንገርሽ። መኪናውን የሚሸከመው ከፊት ሞላ ነው፣ ከኋላ ግን አሁንም ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ የብረት ዝርግ፣ ነው። ባሌስትራው ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ ባዶውን ሲሆን ይነጥራል። ወደ ጎን የሚያስቀምጠው አግዳሚ ደግሞ ለረጅም መንገድ ጥሩ አይደለም፣ ቢጋጭም ለተሳፋሪው አደገኛ ነው። ፊት ለፊት የሚታይበት፣ ቀበቶ ያለው ወንበር ያስገጥሙላችሁ ዘንድ ጠይቁ። ይህ መብታችሁ ነው። የተሻሻለው ድምፁ ብቻ ነው፣ አሁን ከፊት ያለውን ሰው ሳትጮሂ ታነጋግሪዋለሽ።

ከቦሌ፦ «ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲረጥብ አራቱንም ጎማ አስይዤ ብነዳስ?»

አይሆንም። ይሄ መኪና ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መሃል ያለውን የፍጥነት ልዩነት የሚያቻችል ነገር የለውም። አስፋልት ላይ ሲታጠፉ መሪው ይከብዳል፣ ማርሹም ይጨናነቃል። ጭቃ፣ አሸዋ፣ ኮረኮንች ላይ ይጠቀሙበት፤ አስፋልት ላይ ሲወጡ ይፍቱት።

ከካዛንቺስ፦ «ለራሴ ልገዛ ብፈልግስ? ኤሌክትሪክ የሆነ እንዲህ ያለ መኪናስ የለም?»

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ለግል አዲሱን የማስመጣት ነገር የሚታሰብ አይደለም። ለከተማ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ባይከለከልም አልመክርዎትም ነበር። አዙሪቱ ሰፊ ነው፣ ርዝመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል፣ መኪና ማቆሚያ ሲፈልጉ ይውላሉ።

ኤሌክትሪኩ ግን አለ፣ እኔንም ያጓጓኛል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ኤሌክትሪክ ጂ ክላስ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር አለው፣ 850 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃም ያቋርጣል። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ክብደቱም 3 ቶን ያልፋል። ነገሩን ያነሳሁት ስለ ከፍታው ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። እንጦጦ ላይም አፋር ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ከእንጦጦ ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለዳገታማ ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለመስክ ግን ባትሪው የሚሞላበት ቦታ ከከተማ ውጭ ገና ስለማይበቃ፣ ናፍጣው ለጊዜው ይቀጥላል።

የመጨረሻዋ ደዋይ፣ የአምቡላንስ ሹፌር ባለቤት፦ «ባለቤቴ አዲሱን ሊረከብ ነው። ከድሮው የሚለይ ምን ያስጠንቅቀው?»

እመቤቴ፣ አንድ ነገር ይንገሩት። የድሮው ባትሪ ሲደክም ሰው ጠርቶ፣ ገፍቶ ያስነሳው ነበር። አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። አምቡላንስ ደግሞ ሌሊት መብራቱም ሬዲዮውም እየበራ ይቆማል፣ ባትሪው ይደክማል። ስለዚህ የባትሪ ማስነሻ ገመድ ከመኪናው አይለየው። ገመዱ ወፍራም ይሁን። ቀጭኑ ይግላል እንጂ የናፍጣ ሞተር አያስነሳም።