ፎብ ያለው በር፦ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ስትከራዩ

(ምስል፦ የመስታወት በር። ጎኑ ላይ ትንሽ ጥቁር ሳጥን። አንድ እጅ ፎብ፣ ማለትም በር የሚከፍት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ፣ ያስጠጋል፤ ቀጭ ይላል፤ በሩ ይከፈታል።)

ማስታወቂያው ላይ «ኮንትሮልድ አክሰስ» የሚሉት ይሄን በር ነው። ስሙ ከበድ ይላል። ስትሰሙት ዘበኛ ያለው ይመስላችኋል። ዘበኛ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ያለው ፎብ ነው፤ ምናልባት ካሜራ፤ ከኋላችሁ ደግሞ ተከትሎ የሚገባ ሰው።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነን። ከዋሽንግተን ዲሲ ፖቶማክን ተሻግራችሁ ትደርሳላችሁ። ዌስት ኤንድ በሚባለው በኩል አማርኛ ብርቅ አይደለም። የከተማው አውቶቡስ ዳሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በነጻ ነው። መኪና ከሌላችሁ ቤቱ ለፌርማታ ምን ያህል እንደሚቀርብ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ።

ወደ በሩ እንመለስ። ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ ጂሙንና መዋኛውን ያሳዩአችኋል። እናንተ በሩ ጋ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ስንት ሰው ፎብ ሳያስጠጋ በሌላው ጀርባ ገባ? የፓርኪንጉ በር ይዘጋል? እኔ ያየሁት አንድ ሕንፃ ፊት ለፊቱ ባንክ ነው የሚመስለው። በቆሻሻ መጣያው በኩል ያለው በር ግን በጡብ ተደግፎ ወለል ብሎ ነበር።

ከዚያ ጠይቁ። ስንት ፎብ ትሰጣላችሁ? ቢጠፋ ስንት ነው? እኩለ ሌሊት ላይ ቢጠፋብኝ ማን ይከፍትልኛል? እንግዳ ሲመጣስ?

ለእኛ ዋናው ይሄ የመጨረሻው ነው። የእኛ ሰው ሳይደውል ነው ከች የሚለው። ብዙ ሕንፃ ላይ እንግዳው በሩ ጋ ካለው የመደወያ ሳጥን ስማችሁን ፈልጎ ሲጫን እጅ ስልካችሁ ይጠራል። እናንተ አንድ ቁጥር ተጭናችሁ ትከፍታላችሁ። ሳጥኑ የሚደውልበትን ቁጥር «በር» ብላችሁ መዝግቡት። አለዚያ የማላውቀው ቁጥር ነው ብላችሁ ዝም ስትሉ፣ እትዬ የዶሮ ወጥ ድስት ታቅፈው ብርድ ላይ ይቆማሉ።

(ምስል፦ የሊዝ፣ ማለትም የቤት ኪራይ ውል፣ ወረቀት።)

ብዙ አከራዮች የወር ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ኪራዩ 1,900 ዶላር ቢሆን፣ ታክስ ሳይቆረጥ 5,700 ማለት ነው። ካልሞላ ጓደኛን ሊዙ ላይ ማስገባት ይቻላል። ሳያስገቡ ማኖር ግን ጣጣ አለው። ፎቡ ራሱ ያሳብቃል፤ መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግብ ሲስተም አለ።

በቨርጂኒያ ሕግ ዲፖዚት፣ ማለትም አከራዩ የሚይዘው የመያዣ ገንዘብ፣ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የማመልከቻ ክፍያው ጣሪያ 50 ዶላር ነው፤ የክሬዲት (የብድር ታሪክ) እና የኋላ ታሪክ ማጣሪያው ወጪ ግን ከዚያ በላይ ይጨመራል። ስለ ፓርኪንግና ስለ ቆሻሻ የሚከፈለውን ሳትደምሩ «ረከሰ» አትበሉ።

ቁልፍ ስትቀበሉ ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ ምድጃውን ፎቶ አንሱ። ከገባችሁ በአምስት ቀን ውስጥ አከራዩ የቤቱን ጉድለት የሚዘረዝር ሪፖርት ይሰጣችኋል፤ ራሳችሁ እንድትሞሉት የሚያደርጉም አሉ። እሱ ከጻፈው የማትስማሙበት ካለ፣ ሪፖርቱ በደረሳችሁ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልሱ። የተቀበላችሁትን ፎብ ብዛትም አስጽፉ። ስትወጡ ዲፖዚቱ በ45 ቀን ውስጥ ነው የሚመለሰው፤ «አንድ ፎብ ጎድሏል» ካሉ የሚቆርጡት ከእሱ ላይ ነው።