ጥያቄውም ይጻፍ

ክቡራን ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ጠበቆች፣ መርማሪ ፖሊሶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ከጎርጎራና ከደልጊ ድረስ ባሕር ዳር የመጣችሁ፣ እንኳን በደህና ገባችሁ።

የማነሣው ነገር ከባድ ነው። በልጅነቷ የተደፈረች ሴት ነገሩን ረስታው ኖራ፣ ከ20 ዓመት በኋላ «አሁን ትዝ አለኝ» ብላ ብትመጣ፣ በቃሏ ብቻ ሰው ሊፈረድበት ይገባል ወይ?

መጀመሪያ ግን መርሳት ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ ነው። ዘግይተው ከነገሩኝ ሴቶች ብዙዎቹ አንድም ቀን አልረሱትም። ደፋሪው አጎት ነው፤ ወይም የሚያሳድጋት ሰው ነው። እናት «ገበናችንን አታውጪ» ብላለች። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ በእርቅ ተዳፍኗል። እንዲህ ያለችውን ልጅ በመስቀለኛ ጥያቄ «እውነት ከሆነ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ማለት ግፍ ነው። ጠበቆች አትቀየሙኝ፤ ዝምታ የውሸት ማስረጃ አይደለም።

የታፈነ ትዝታ፣ ማለትም ተረስቶ ኖሮ ኋላ የሚመጣ ትዝታ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1969 እ.ኤ.አ. አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ተገደለች። ከ20 ዓመት በኋላ ጓደኛዋ የነበረች ሴት «አባቴ ሲገድላት አይቻለሁ፤ ትዝ ያለኝ አሁን ነው» አለች። አባትየው በ1990 ተፈረደበት። የተናገረችው ዝርዝር ግን አብዛኛው ያኔ በጋዜጣ የወጣ ነበር። ተከላካዩ ጋዜጦቹን በማስረጃነት እንዳያቀርብ ተከልክሎ ነበር። ፍርዱ በ1995 ተሻረ፤ ሰውየውም በ1996 ከእስር ወጣ።

በዚያው በ1995 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጃክሊን ፒክሬል ለ24 ሰዎች ስለ ልጅነታቸው ታሪኮች አቀረቡላቸው። አንዱ ፈጠራ ነበር፦ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው ሲያለቅሱ አንዲት አሮጊት እንዳገኘቻቸው። ለእኛ ሰው «ልጅ ሆነህ ቅዳሜ ገበያ ጠፍተህ ነበር» እንደማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ያህል በከፊል ወይም በሙሉ «አዎ፣ ትዝ ይለኛል» አለ። አልዋሹም። ከልባቸው አምነውት ነው።

በሌላ በኩል ተመራማሪዋ ሊንዳ ዊሊያምስ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው በሆስፒታል መዝገብ የሰፈረ 129 ሴቶችን ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ አነጋግራ ነበር። 38 በመቶዎቹ ያንን ጥቃት አላነሱም። አንዳንዶቹ መናገር ስላልፈለጉ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም «እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም» ብሎ ሴትን ከበር መመለስ አይቻልም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን በራሱ የሚያቀብል ጥያቄ፣ ምስክሩን ያቀረበው ወገን በሚጠይቅበት በዋና ጥያቄ ጊዜ እንደማይፈቀድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ችግሩ የተደፈረች ልጅ ችሎት እስክትደርስ ስንቱ ጠይቋታል! እናት «አጎትሽ ነው አይደል?» ብላለች። ጎረቤቱም፣ መምህሯም፣ ፖሊሱም ጠይቋል። የፖሊስ ቃል መቀበያውን ስናነበው ደግሞ «አጎቴ ክፍሉን ዘግቶ አስገድዶ ደፈረኝ» ይላል። ቀጥ ያለ፣ የተስተካከለ አረፍተ ነገር። የልጅ አነጋገር አይደለም። ምን ተብላ ተጠይቃ ይህን እንደመለሰች ከወረቀቱ ላይ የለም። ዳኛው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ስለዚህ ጥያቄውም ይጻፍ። መጀመሪያ ለማን ነገረች? ያ ሰው ምን ብሎ ጠየቃት? መርማሪው «የሆነውን ንገሪኝ» ይበልና ይታገሥ። ዝም ብትል ዝም ይበል፤ ስም አያቀብላት።

አዋቂ ሆና «ትዝ አለኝ» ብላ የመጣችውንም ቃሏን ተቀበሉ። ከዚያ ፈልጉ፦ የያኔ የጤና ካርድ፣ ከትምህርት ቤት የቀረችባቸው ቀናት፣ አብራት ትተኛ የነበረች እህት፣ የዚያ ዘመን ጎረቤት። ከትዝታዋ ውጪ ምንም ካልተገኘ ግን ሰው ወህኒ መውረድ የለበትም ባይ ነኝ። ይህን ፊት ለፊቷ መንገር ያማል፤ አውቃለሁ። ያኔ «ውሸታም ነሽ አላልንም» ብሎ የሚነግራት ሰው አጠገቧ ይኑር። መዝገቡ ቢዘጋም የምክር ድጋፉ አይቋረጥባት።

ከሻይ በኋላ የቃል መቀበያ ቅጽ ይዘን እንቀመጣለን። ጥያቄና መልስ ጎን ለጎን እንዲጻፍበት አድርገን እናሻሽለዋለን። መርማሪዎች፣ እስክሪብቶውን የምትይዙት እናንተ ናችሁና ከፊት ተቀመጡልኝ። አመሰግናለሁ።